የታጠበው አንቴና

መርዕድ ፎጣውን ሲገልጠው ብረቱ አበራበት። ቁም ሣጥኑ ፊት እንደ ተንበረከከ፣ የተሳሳተ ዕቃ ያነሣ መስሎት መልሶ ሸፈነው፤ ከዚያ እንደገና ገለጠው። ያው ነው። አሸዋ የመሰለው ቢጫ ቀለም የለም፤ ከሥሩ የነበረው ግራጫም የለም። ጎኑ ላይ በጥቁር ቀለም የታተመችው የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ንስር፣ ከሥሯ የነበሩት ሦስት ፊደላትና ቁጥሩ ሁሉም ሙልጭ ብለው ሄደዋል። የቀረው ዛሬ ከሱቅ የወጣ ድስት የመሰለ ብረት ነው። አንገቱን የያዘችው ጎማ እንኳ ቫዝሊን ተቀብታ ታብለጨልጫለች።

"አይ የኔ ነገር!" አለ። ድምፁ ግን የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም። መቆጣት እንደሚገባው ያውቃል፤ ቁጣው ግን አልመጣ አለው። ይኸው ሦስት ሳምንት አለፈ፣ ምንም ነገር አይመጣለትም።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። በስድስት ሰዓት ይህንኑ ብረት ይዞ ከወንዙ ማዶ ያለችው አሌክሳንድሪያ ከተማ መድረስ አለበት።

ብረት ቢታጠብ ምን ይሆናል የሚል ሰው አይጠፋም። ይሆናል እንጂ! ይኼ ጀርመኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአዛዥ መኪና ላይ ይገጥሙት የነበረ የሬድዮ አንቴና መቀመጫ ነው። መርዕድ እንዲህ ያለውን ይሰበስባል። ሬድዮውን አይፈልገውም፤ የወታደር ቆብና ሜዳይ ቢሰጡትም አይወስድ፤ አንቴና ብቻ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንቱ አልጋ ሥር፣ ሶፋ ኋላ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ምሰሶና ዘንግ፣ መቀመጫና መቀጠያ ታጭቆባታል። አሥራ አንድ ዓመት ለቅሞታል። ሰው መቼም ያለ አመል አይኖርም፤ አንዱ ይጠጣል፣ አንዱ ካርታ ይጫወታል፣ የመርዕድ ደግሞ ይኼ ነው።

የአመሉ ዘር የተዘራው ድሮ አገር ቤት፣ አዲስ አበባ፣ በፖሊስ ሠራዊት ሬድዮ ክፍል ቴክኒሺያን ሳለ ነው። እሱንና ባልደረቦቹን ያሠለጠነው ጀርመናዊ አንድ አሮጌ መቀመጫ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥና "ቅርጹን አትመኑ፤ ማህተሙን አንብቡ" ይላቸው ነበር። ሦስቱ ፊደላት ፋብሪካውን ይናገራሉ፤ ንስሯና ቁጥሩ ደግሞ ብረቱን ፈትሾ ያሳለፈውን መርማሪ። ከጦርነቱ በኋላ ሌሎች አገሮች ያንኑ ቅርጽ ስለ ሠሩ፣ ቀለሙና ማህተሙ ከጠፋ የጦርነቱን ከኋለኛው ለይቶ የሚምል ሰው የለም። ጌዘርስበርግ የሬድዮ ወዳጆች ገበያ በቆመ ቁጥር ነጮቹ ብረታቸውን ታቅፈው "እስቲ እየው" የሚሉት መርዕድን ነው። እሱም በአጉሊ መነጽር አገላብጦ ያይና "ይኼ ደህና ነው" ወይም "ይኼን ለአጥር አድርገው" ይላቸዋል።

አሥራ አንድ ዓመት ፈልጎ ያጣው አንድ ነገር ነው፤ የኮከብ አንቴና። ዘንጉ ጫፍ ላይ የሚገባ፣ እንደ ጃንጥላ ሽቦ ዙሪያውን የሚዘረጋ ነገር ነው። አሌክሳንድሪያ የሚኖር ዊለር የሚባል ጡረተኛ ሁለት አለው። በገንዘብ አልሸጥም አለ፤ ቀለሙና ማህተሙ ያልተነካ መቀመጫ ካመጣህ ግን እንለዋወጣለን አለው። መርዕድ ሁለት መቀመጫ አለው። አንደኛውን ዝገት በልቶታል፤ ሁለተኛው ጦርነቱ ያለቀ ዕለት እንደ ነበረ ነው። ነበር ማለት ይሻላል። ረቡዕ ዕለት ዊለር ኮል አድርጎ፣ ቤቱን ሸጦ ፍሎሪዳ ሊገባ መሆኑን፣ የዕቃ ጫኙ መኪናም እሑድ እንደሚመጣ ነገረው። ዛሬ ቅዳሜ ነው። ዛሬ ካልሆነ ኮከቡ ቀረ ማለት ነው።

የመርዕድ ሚስት የወይንሐረግ ደግሞ ከሞተች ሃያ ሦስት ቀኗ ነው።

ልጅ የላቸውም። ቀብሯ ላይ ያላለቀሰ እሱ ብቻ ነበር። በአራተኛው ቀን ሱፐርቫይዘር ወደ ሆነበት ፓርኪንግ ጋራዥ ሄዶ ሺፍቱን ገባ። ሐበሻ ዝም ይላል እንዴ? "ድንጋይ ነው ሰውዬው" ተባለ። "ወንድ ልጅ በሆዱ ነው" ብለው የተሟገቱለትም ነበሩ። እውነቱን ለመናገር ሆዱም ባዶ ነበር። ጥርስ ሊነቀልለት መርፌ የተወጋ ሰው መንጋጋው እንደሚሆነው መላ አካሉ ደንዝዟል፤ ሲነኩት ያውቃል፣ ግን አያመውም። ይህን ለማንም አልተናገረም። ቢናገር ማን ያምነዋል?

ብረቱን በፎጣው ጠቅልሎ ወደ ማድ ቤት ወጣ። የሚስቱ ታላቅ እህት እትዬ ወርቅውሃ ምድጃው ፊት ቆመዋል። ለለቅሶው መጥተው ሦስት ሳምንት ሙሉ ቤቱን ይዘውለት ከረሙ፤ ዛሬ አሌክሳንድሪያ፣ ልጃቸው ዘንድ ሊመልሳቸው ነው። ሻንጣቸው በሩ አጠገብ ተዘጋጅቷል።

መርዕድ አያቸውና በልቡ፣ ሌላ ማን ይሆናል፣ አለ። የለቅሶው ዕለት ሴቶቹ ቤቱን ገልብጠውት ነበር። ሶፋው ኮሪደር ወጣ፣ አልጋው በጎኑ ቆመ፣ ከቤተ ክርስቲያን ወንበር መጣ። እትዬ ወርቅውሃ ደግሞ ያልታጠበ ነገር ካዩ እንቅልፍ በዓይናቸው አይዞርም። የሞተ ሰው ቤት ውስጥ ዝገት አይተው እንዴት ያልፋሉ!

"ና ፍርፍሩን ብላ።"

"አልራበኝም እትዬ።"

"አልራበኝም ይለኛል! ትናንትም አልራበህም፣ ከትናንት ወዲያም አልራበህም። በሞቴ፣ ሁለት ጉርሻ።"

ሁለት ጎረሰ። ጨው ይብዛበት ይነስበት አላወቀም። ዓይናቸው ብብቱ ሥር ወዳለው ጥቅል ሄደ፤ ፊታቸውም ትንሽ ፈካ ያለ መሰለው።

"ገለጥከው እንዴ?"

"ገለጥኩት።"

"እና?"

"እና ምን? አሌክሳንድሪያ አንድ ሰው ቀጥሮኛል። እርስዎን ከማድረሴ በፊት አንድ አፍታ ጎራ እላለሁ። በሱ የምለውጠው ዕቃ አለ።"

እትዬ ወርቅውሃ ማንኪያውን አስቀመጡ። "ልትለውጠው? አርባዋ ሳይወጣ የብረት ገበያ? ምነው ሸዋ! ሰው ምን ይላል?"

"የሚለውን ብሏል።"

ጥቁር ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ መለስ አደረጉ። መርዕድ ሻንጣቸውን አንሥቶ ወረደ። የታጠበ ብረት ይዞ መሄዱ ከንቱ መሆኑን ያውቃል፤ ግን ቀጠሮ ቀጠሮ ነው። ማህተሙን በዓይኑ አንብቦታል። ምናልባት ዊለር በቃሉ ያምነው ይሆናል። ፎቶ ግን አላነሣውም። ሰው ሌላውን ሲመክር የራሱን ይረሳል፤ ገበያው ላይ ለስንቱ "ፎቶ አንሡ" ይል የነበረው እሱ ነው።

ከተማውን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ በቤልትዌዩ ሄዱ። ዊልሰን ብሪጅ ጋ ሲደርሱ ቀዩ መብራት በራ፤ ድልድዩ መርከብ ሊያሳልፍ መሃሉን እየከፈተ ወደ ላይ ተነሣ። ከፊትም ከኋላም መኪና ቶሎ ሞላ። መርዕድ ሞተሩን አጠፋ። ሰዓቱን አየ፤ አምስት ሰዓት ከሩብ። እንግዲህ እዚህ ሃያ ደቂቃ መቀመጥ ነው።

"እትዬ፣" አለ መሪውን እንደ ያዘ፣ "ዕቃዬን ማን ይንኩ አለዎት?"

"የቱን ዕቃ?"

"ይኼን ከኋላ ያለውን። ቀለሙን ልጠው፣ ማህተሙን ፍቀው አጥፍተውታል። ዋጋው እኮ እሱ ነበር! አሁን ሰውዬውን ምን ልበለው?"

እትዬ ወርቅውሃ ወደ እሱ ዞሩ።

"እኔ አይደለሁም፣" አሉ።

"እንግዲያው ሴቶቹ ናቸዋ።"

"ማንም ሴት አልነካውም። እሷ ናት።"

"ማን እሷ?"

"ማን እሷ ይለኛል! ወይንዬ ናታ! ሚስትህ!"

መርዕድ ከፊቱ የቆመውን መኪና ታርጋ ቁጥር አነበበ። እንደገና አነበበው።

"ዶክተሩ በቃ ያላት ሰሞን ነው፣" አሉ እትዬ ወርቅውሃ። "አንተ ሥራ ነህ። ማክሰኞ ብመጣ ባኞ ቤት ወለሉ ላይ ቁጭ ብላለች። የኦቨን ማጽጃና የድስት ሽቦ ይዛ ትፈትጋለች። እጇ እኮ ጭራሮ ሆኖ ነበር! 'አንቺ ምን ነክቶሻል፣ ተነሺ ተኚ' አልኳት። 'ሰው ሊመጣ ነው እትዬ፤ ቤቷ ዝገት ነበር እንዳይሉኝ' አለችኝ። 'የምን ሰው ነው የሚመጣው?' አልኳት እኔ ሞኟ። ዝም ብላ አየችኝ።"

መሃረባቸውን ፈልገው አጡና በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

"ለራሷ ለቅሶ ነበር የምታጸዳው መርዕድ። ሁሉንም ልታጥብልህ ነበር ሐሳቧ፤ አቅሙ ከየት ይምጣ? 'በቃ ይቺን፣ እሱ የሚወዳትን' አለችና አንዷን መረጠች። ሁለት ቀን ፈጀባት። ያቺን የሰይጣን ወፍ ስታጠፋት ደግሞ፣ ብታያት፣ ሳቀች።"

የወይንሐረግ የሰይጣን ወፍ ትላት የነበረው ንስሯን ነው። ንስሯ በእግሯ የያዘችውን የናዚ ምልክት መርዕድም አይወደውም፤ የስንት ሰው ደም እንዳለበት ያውቃል። ለእሱ ማህተሟ የብረቱ ልደት ወረቀት ነበረች። የወይንሐረግ ግን "ይቺ ወፍ ያለችበት ቤት ጸበል አይረጭም" እያለች አሥራ አንድ ዓመት ተጨቃጭቃዋለች።

"ለምን አልነገሩኝም?"

"አደራ አለችኛ! 'ራሱ ገልጦ አይቶ ይደሰት' አለች። እኔም ደስ የሚልህ መስሎኝ መቼ ይገልጠዋል እያልኩ ቀን ስቆጥር ከረምኩ። ጥፋት መሆኑን በምን እንወቅ? ቆሻሻ ነው ብለን እኮ ነው።"

መርዕድ ያን ማክሰኞ አስታወሰው። ማታ ከሥራ ሲገባ ባኞ ቤቱ የኦቨን ማጽጃ ይሸታል። "ምንድን ነው ይኼ ሽታ?" ብሎ ጠየቃት። "ባኞውን አጥቤ ነው" አለችው። "ማን ሥሪ አለሽ? ሰው የማትሰሚ!" ብሎ ተቆጣና ዜና ሊያይ ሄደ። እሷ አልጋው ላይ ሆና ፈገግ ብላ ነበር። በሽታው ነው ያስፈገጋት ብሎ አልፎት ነበር።

ድልድዩ ወርዶ ገጠመ። ከኋላ ያለው መኪና ጡሩንባውን ነፋ፤ ሌላውም ተቀበለው።

"ሂድ እንጂ፣ መንገዱ ተከፈተ፣" አሉት እትዬ ወርቅውሃ።

ነዳ። ስድስት ሰዓት እየደረሰ ስለ ነበር በቀጥታ ዊለር ቤት ሄደ። እትዬ ወርቅውሃ "እኔ እዚሁ ዳዊቴን እደግማለሁ" ብለው መኪናው ውስጥ ቀሩ።

የዊለር ጋራዥ እስከ ጣራው ካርቶን ነው። ሽማግሌው ቤዝቦል ኮፍያውን እንዳደረገ ወጥቶ እጁን ጨበጠው።

"ባለቤትህ እንዴት ናት?"

"ደህና ናት፣" አለ መርዕድ። አፉ ነው ያለው። ሰው እንዴት ናት ሲለው ደህና ናት ማለት ለምዷል።

ዊለር ጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብስ ዘርግቶ ኮከቡን መሃሉ ላይ አስቀምጦለታል። መርዕድ አጉሊ መነጽሩን አውጥቶ ጎንበስ አለ። ዘንጎቹ አንድም አልጎደሉም። የታችኛው ቀለበት ላይ ሦስቱ ፊደላት አሉ፤ ጥርት ብለው ይነበባሉ። ቀለሙ ያው የአሸዋ ቢጫ ነው። የተሠራበትን ፋብሪካ ያውቀዋል፤ እንዲህ ያለ ከዚህ በፊት ያየው ሥዕል ላይ ብቻ ነው። ይህን ቀን ስንት ጊዜ አስቦታል! ልቤ ቀጥ ትላለች ብሎ ነበር። ልቡ እንደ ሌላ ቀን መታች።

"ደህና ነው፣" አለ። "የጦርነቱ ጊዜ ነው።"

"አንተ ካልክ ነው። እስቲ ያንተን አሳየኝ።"

ፎጣውን ገለጠ። ዊለር መቀመጫውን አንሥቶ አዞረው፤ ወደ መስኮቱ ወስዶ እንደገና አዞረው።

"ምን ሆኖ ነው?"

"ታጠበ።"

"ማን?"

"ቤት ውስጥ ነው የታጠበው። ማህተሙ ግን ነበረ። በዓይኔ አንብቤዋለሁ።"

ዊለር ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፍቶ ራሱን አከከ። መርዕድ እምቢ ቢለው ምን እንደሚሰማው አሰበ፤ ምንም አላገኘም።

"ሌላ ሰው ቢሆን ከበሩ ነበር የምመልሰው፣" አለ ዊለር በመጨረሻ። "አንተ ግን ገበያው ላይ አንድ ቀን እንኳ ስትዋሽ አላየሁህም። ማህተም ነበረው ካልክ ነበረው። በቃ ዲል ነው፤ ኮከቡን ውሰድ።"

"እሺ። አመሰግናለሁ።"

"ለዚህ ደግሞ አትጨነቅ፣" አለ ሽማግሌው ብረቱን እያየ፤ ሥራው አሁኑኑ ደስ ብሎታል። "ፍሎሪዳ ስገባ አሸዋ እነፋበትና ይቺን ማብለጭለጭ አወርዳታለሁ። ግራጫውን እቀባለሁ፣ በላዩ ቢጫውን። ትንሽ አሲድ፣ ትንሽ ጭቃ ነው። ንስሩን የሚያትምልኝ ሰውም አለ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ማንም እጅ እንዳልነካው አደርገዋለሁ።"

መርዕድ ኮከቡን ለማንሣት የዘረጋውን እጁን ሰበሰበ።

"ስጠኝ እስቲ፣" አለ።

ዊለር የረሳው ነገር ያለ መስሎት መለሰለት። መርዕድ መቀመጫውን ደረቱ ላይ ያዘው። ሽቦው የሄደበት መስመር ከቅርብ ይታያል። ከላይ ወደ ታች ቀጥ ያለ ነው፤ ታች ላይ ግን ይንሻፈፋል፤ እጇ ሲደክም ይሆናል። ቀለሙ የጠነከረበት ቦታ ላይ ደግማ ደጋግማ ፈትጋለች።

"ምነው፣ ምን አየህ?"

"አልለውጥም።"

"ያነሰህ ነገር አለ? የምጨምርልህ ዘንግ አለኝ፤ ካርቶን ውስጥ ነው።"

"አላነሰኝም። ሚስቴ ናት ያጠበችው።"

ዊለር ሳቀ። "እንዲህ በለኛ! የኔዋ አንድ ጊዜ ሙሉ የጆሮ ማዳመጫ ከጋዜጣ ጋር ጥላብኛለች። ንገራት፣ ዊለር አልተቆጣም በላት።"

"ሞታለች፣" አለ መርዕድ።

ቃሉን ከአፉ ሲያወጣው የመጀመሪያው ነበር። ሆስፒታሉ ተናግሮለታል፣ ቄሱ ተናግረውለታል፣ ሽማግሌዎቹ ለዘመድ ሁሉ ደውለው አርድተውለታል። እሱን ያረዳ አልነበረም፤ ቀባሪው እሱ ነበርና።

"ቅድም ደህና ናት አልኩህ፤ ዋሸሁህ። ሞታለች። ሃያ ሦስት ቀኗ ነው። ይኼን ያጠበችው ልትሞት ስትል ነው።"

ሽማግሌው አጠገቡ ባለው ካርቶን ላይ ቁጭ አለ። ኮፍያውን አወለቀ። "አላወቅሁም፣" አለ። ከዚያ ኮከቡን በብርድ ልብሱ ጠቅልሎ አነሣና ወደ እሱ ገፋ። "ውሰደው። በነፃ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ፈልገኸዋል፤ እኔ ሁለት አለኝ።"

መርዕድ ጥቅሉን አየው። መውሰድ ይችል ነበር። ቢወስደውም ማንም አይቀየመው።

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣" አለ። "በሷ ሞት ግን ዕቃ አልቀበልም። ፍሎሪዳን መልካም ያድርግልህ።"

መኪናው ውስጥ ሲገባ እትዬ ወርቅውሃ ዳዊታቸውን ዘጉ። ብረቱን ሲያዩ ቅንድባቸው ተነሣ።

"ሰውዬው አልፈልግም አለ?"

"ፈልጎ ነበር። እኔ ነኝ የተውኩት።"

"ያኛውስ? የምትለውጠው?"

"ቀረ።"

ሞተሩን ለማስነሣት ቁልፉን ከተተ፤ እጁ ግን ቁልፉ ላይ ቀረ። ደረቱ ላይ ከአጥንቱ ሥር የሆነ ነገር ያዘው። ትንፋሽ ሲስብ ጠበቅ ያደርገዋል። በእነዚህ ሁሉ ቀናት ለመጀመሪያ ጊዜ አመመው፤ እውነት አመመው። መኪናው ፊት ለፊት አንድ ሰው ሣር ያጭዳል፤ ማሽኑ ይጮኻል።

"መርዕድ፣ ምን ሆንክ? ልጄ ቤት እኮ አሥር ደቂቃ ነው፤ እዚያ ገብተህ ትንሽ ጋደም በል።"

"እትዬ፣ ዛሬ ቤትዎ ባይገቡስ?"

"ለምን?"

"ከኔ ጋር ይመለሱ። ሥራ ቤት ደውዬ አልመጣም እላለሁ።" ድምፁ ተንቀጠቀጠ፤ አልከለከለውም። "ሐዘን ልቀመጥ ነው።"